የካርቱም አቧራና የሞተርህ ፍሬን

ልጄ፣ ሞተር መግዛትህን እናትህ ስትነግረኝ በመጀመሪያ የጠየቅኳት ስለ ፍሬኑ ነበር። እሷም «ቀይ ነው» አለችኝ። ቀለሙ መልካም ነው፤ ፍሬኑን ግን ለራስህ ልተውልህ አልፈለግሁም።

እዚህ ካርቱም ከዴም እስከ ጀሪፍ፣ ከሳሃፋ እስከ ኦምዱርማን ሞተር እየነዱ የሚያድሩ ልጆቻችንን ሳይ የኖርኩ ሰው ነኝ። ታንከሩን በየማለዳው ይወለውላሉ፤ ካሊፐሩን ግን ፍሬኑ መጮኽ እስኪጀምር ዞር ብለው አያዩትም። ሲጮኽ ደግሞ ቤንዚን ያፈሱበታል። ይህን የምጽፍልህ በተለይ በዚህ ቤንዚን የተነሳ ነው። ቁጥር የሰጠሁትም እጅህ ሳሙና ነክቶ ሳለ የት እንደደረስክ እንዳይጠፋብህ ነው።

1. ማጽዳት ሌላ፣ መፈታታት ሌላ መሆኑን ከሁሉ አስቀድመህ እወቅ። በቤትህ ልታደርገው የምትችለው ይህ ነው፦ ካሊፐሩን ከሹካው ላይ የያዙትን ቡሎኖች ትፈታለህ፣ ሸራዎቹን ታወጣለህ፣ ቆሻሻውን ታጥባለህ፣ ከውጭ የሚታየውን የፒስቶን ክፍል ታጸዳለህ፣ ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸውን ፒኖች ግራሶ ትቀባለህ፣ ከዚያ ትመልሳለህ። የዘይቱን ቱቦ አትፈታም። ፒስቶኑን ከቤቱ አታወጣም። በውስጥ ያለውን ጎሚኒ አትነካም። እነዚህን ከነካህ የዘይቱ መንገድ ይከፈትና አየር ይገባል። አየር የገባበት ፍሬን ደግሞ ስትጨብጠው እጀታው ባዶውን ገብቶ ከመሪው ጋር ይገጥማል። ያ የጋራዥ ሥራ ነው፤ አዲስ ጎሚኒ፣ አዲስ ዘይትና አየሩን ማውጣት የሚችል ሰው ይፈልጋል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም።

አንድ ነገር እግረ መንገዴን፦ ባጃጅ ቦክሰር ከሆነ የገዛኸው ምናልባት ሁለቱም ፍሬኖች ባለ ከበሮ ናቸው፤ ይህ ምክር አይመለከትህም። ፑልሳር ወይም ቲቪኤስ አፓቼ ከሆነ ግን የፊቱ ዲስክ ነው፤ አንብብ።

2. ካሊፐር እንዴት እንደሚሠራ ሳታውቅ እጅህን አታስገባ። እጀታውን ስትጨብጥ ከመሪው አጠገብ ከዘይት ማጠራቀሚያው ጋር ያለችው ትንሽ ፓምፕ ዘይቱን በቱቦው ወደ ታች ትገፋዋለች፤ ዘይቱ ፒስቶኑን ይገፋል፣ ፒስቶኑ ሸራውን ዲስኩ ላይ ይጫነዋል። ይህን ሁሉም ያውቃል። ብዙ ሰው የማያውቀው እጅህን ስትለቅ ፒስቶኑን ወደ ኋላ የሚመልሰው ምን እንደሆነ ነው። ስፕሪንግ የለውም። ፒስቶኑን ዙሪያውን ያቀፈው ጎሚኒ ጠርዙ አራት ማዕዘን ነው፤ ፒስቶኑ ሲወጣ አብሮት በጥቂቱ ይጣመማል፣ ግፊቱ ሲቀር ደግሞ ወደ ቅርጹ ሲመለስ ፒስቶኑን ስቦ ይመልሰዋል። የሚመልሰውም ከአንድ ሚሊ ሜትር በጣም ያነሰ ነው። እንግዲህ በዚያች ጠባብ ቦታ የካርቱም አቧራ ከግራሶና ከሸራ ብናኝ ጋር ተለውሶ ቢደርቅስ? ጎሚኒው መሳብ ያቅተዋል፤ ሸራው ዲስኩን እያሻሸ ይውላል፤ ዲስኩ ይግላል፤ ቤንዚንህ ያልቃል፤ ሸራህ ያለጊዜው ያልቃል።

ካሊፐርህ ባለ አንድ ፒስቶን ከሆነ ሌላም ጉዳይ አለው። ፒስቶኑ ያለው በአንድ ወገን ብቻ ስለሆነ በሌላው ወገን ያለው ሸራ ዲስኩን የሚነካው መላው ካሊፐር በሁለት ፒኖች ላይ ተንሸራትቶ ሲመጣ ነው። ፒኖቹ በአቧራ ከታነቁ አንዱ ሸራ ብቻ ይሠራል። ሁለቱን ሸራዎች አውጥተህ ስታስተያያቸው አንዱ ወፍራም ሌላው ቀጭን ከሆነ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ እዚያ ነው።

ይህ ዓይነቱ የዘይት ዲስክ ፍሬን በሞተር ላይ በብዛት መመረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1969 ከሆንዳ ሲቢ 750 ጋር ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተሻሽሏል፤ የጎሚኒው ጠላት ግን ያው አቧራና የተሳሳተ ፈሳሽ ነው።

3. ቦታና ሰዓት ምረጥ። በግንቦትና በሰኔ ካርቱም ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ማለፉ የተለመደ ነው፤ ፀሐይ የዋለበት ብረት ደግሞ ከዚያም በላይ ነው። ጎህ ሲቀድ ጀምር፤ ሆሽ (ግቢ) ውስጥ የኒም ጥላ ካለ እዚያ ሥራ። ሞተሩን ነድተህ እንደመጣህ አትጀምር፤ ዲስኩ ያቃጥላል። ሀቡብ (የአቧራ ማዕበል) ሊመጣ ሰማዩ በቀላ ቀን ደግሞ ጨርሶ አትፍታው፤ የታጠበ ካሊፐር ክፍቱን ሆኖ አቧራ ከሚያገኘው ሳይታጠብ ቢቆይ ይሻለዋል።

ሞተሩ በባለ ሁለት እግሩ ማቆሚያ ላይ በደረቅና ጠንካራ መሬት ይቁም። በአሸዋ ላይ ከሆነ ከሥሩ ጣውላ አድርግ። ሕፃናት በሆሹ ካሉ የፍሬኑን እጀታ በጨርቅ ጠቅልለህ እሰረው። ምክንያቱን ስድስተኛው ላይ ታገኘዋለህ።

ከሰል ግን ይራቅ። የእኛ ቤት ቡና አይለየውም፤ ጀበናውና ዕጣኑ እየጨሰ አንተ አጠገቡ ፈሳሽ እየረጨህ ልትሠራ አትችልም። እህትህ ቡናውን ከግድግዳው ወዲያ ታፍላው፤ አንተ ሥራህን ጨርሰህ፣ እጅህን ታጥበህ፣ ልብስህን ቀይረህ ትደርሳለህ። ይህን የምለው ስለ እሳት ብቻ ብዬ አይደለም፤ ቀጥሎ እነግርሃለሁ።

4. በምን እንደምታጸዳ ላይ ከማንም ጋር አትደራደር። የሚያስፈልግህ ለብ ያለ ውሃ፣ ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና፣ ያረጀ የጥርስ ብሩሽ፣ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ፣ ሁለት ሳፋ፣ ጓንት፣ የዓይን መነጽር፣ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ፣ ጥቂት ሽቦ፣ ለፍሬን ተብሎ የተሠራ የሲሊኮን ግራሶና ልኩ የሆነ ቁልፍ ነው። ከዚህ ውስጥ ከግራሶው በቀር ቤትህ የሌለ ነገር ያለ አይመስለኝም።

የማያስፈልግህን ደግሞ ስማ፦ ቤንዚን፣ ናፍታ፣ ነጭ ጋዝ፣ የተቃጠለ ዘይት፣ ደብሊው ዲ 40፣ ተራ ግራሶ። «ቆሻሻን እኮ ቶሎ ያነሳል» ይሉሃል፤ እውነት ነው፣ ያነሳል። ነገር ግን የፍሬን ጎሚኒ የተሠራበት ላስቲክ ከፍሬን ዘይት ጋር እንዲኖር እንጂ ከነዳጅ ዘር ጋር እንዲገናኝ የተሠራ አይደለም። ነዳጅና የነዳጅ ውጤት ሲነካው ያብጣል፣ ይለሰልሳል። ያበጠ ጎሚኒ ፒስቶኑን አንቆ ይይዘዋል። ከሁሉ የሚከፋው ጉዳቱ በዚያው ቀን አለመታየቱ ነው፤ ፍሬኑ ያን ቀን ደህና ይሠራል፣ ሞተሩን የሚይዘው ግን ሌላ ቀን፣ ሌላ ቦታ፣ ምናልባት የመንሺያ ድልድይ ላይ ነው።

በጣሳ የሚነፋ የፍሬን ማጽጃ ብታገኝ ጥሩ ነው፤ ቅባት ያነሳል፣ ወዲያው ይተናል። በዲስኩና በብረቱ ላይ ተጠቀምበት፤ ጎሚኒ ላይ ግን አትዘፍዝፈው። ገበያ ላይ ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው በእሳት የሚቀጣጠል ነው። ሁለተኛው አይቀጣጠልም፣ ግን ክሎሪን ያለበት ነው፤ ይህ ትነቱ ወይም ጠብታው የጋለ ከሰል ወይም የብየዳ እሳት ካገኘ ፎስጂን የሚባል መርዝ ጋዝ ይወጣዋል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደር የተገደለበት ጋዝ ነው። ስለ ከሰሉ ያጠበቅሁብህ ለዚህ ነው፤ ጣሳው ላይ የተጻፈውን ማንበብ ካቃተህ የሚያነብልህ ሰው ፈልግ።

5. ሳትነካ እይ። በስልክህ ከሁለት ወገን ፎቶ አንሳ፤ ስትመልስ ሸራው በየት ዞሮ እንደነበር፣ ትንሿ የቆርቆሮ ስፕሪንግ በየት በኩል እንደነበረች አታስታውስም። የፊት ጎማውን ከመሬት አንስተህ በእጅህ አዙረው፦ ቀለል ብሎ ይዞራል ወይስ እየታነቀ ይቆማል? ዲስኩ ላይ ሰማያዊ ጥላ ካየህ ከመጠን በላይ ሲግል ኖሯል። በፒስቶኑ ዙሪያ እርጥበት ካለ፣ በተለይ የሚያንሸራትት እርጥበት፣ ዘይት እየፈሰሰ ነውና ማጽዳቱ እዚያው ይቁም፤ ሞተሩ በእግር ተገፍቶ ወደ ጋራዥ ይሂድ። ቱቦውንም እጠፍ አድርገህ ተመልከተው፤ የካርቱም ፀሐይ ላስቲክን ይሰነጥቃል።

የዘይቱን ማጠራቀሚያም እይ። ዘይቱ በታችኛውና በላይኛው መስመር መካከል መሆን አለበት። ከመስመሩ በታች ወርዶ ካየኸው ወዲያው አትሙላ። ሸራ እያለቀ ሲሄድ ፒስቶኑ ወደ ውጭ ይቀርባል፣ ዘይቱም ተከትሎት ይወርዳል፤ ስለዚህ የዘይቱ መውረድ ብዙ ጊዜ ስለ ሸራው የሚናገር ነው። የሚፈስ ነገር ሳይኖር ብትሞላው አዲስ ሸራ ስታስገባ ከአፉ ይተርፋል።

6. ስትፈታ በቅደም ተከተል ፍታ። ሸራውን የያዘውን ፒን ካሊፐሩ በሹካው ላይ እንደታሰረ ትንሽ አላላው፤ ካሊፐሩ ከወጣ በኋላ የሚይዝልህ ነገር የለም። ከዚያ ሁለቱን ቡሎኖች ፍታና ካሊፐሩን ከዲስኩ ላይ በቀስታ ሳብ። ካወጣኸው በኋላ በቱቦው ላይ ተንጠልጥሎ አይቅር፤ ቱቦው ከውስጥ ይጎዳል፣ ከውጭ ግን ደህና ይመስላል። በሽቦ ከሹካው ጋር እሰረውና ሸራዎቹን አውጣ።

ካሊፐሩ ከዲስኩ ላይ ከወረደበት ደቂቃ ጀምሮ እጀታውን የሚጨብጥ ሰው ካለ ፒስቶኑን የሚያቆመው ነገር የለም፤ ተስፈንጥሮ ይወጣል፣ ዘይቱም ይከተላል። ሕፃን ልጅ ደግሞ ሞተር ሲያይ መጀመሪያ የሚይዘው ያንን እጀታ ነው። ጨርቁን ያሳሰርኩህ ለዚህ ነበር።

7. አቧራውን አርጥበው፤ አትንፋው። በአፍህ እፍ አትበል፤ ኮምፕሬሰር ያለው ጎረቤት ቢመጣ አመስግነህ መልሰው፤ በደረቅ ብሩሽም አትፈግፍግ። የሸራ ብናኝ ለሳንባ መጥፎ ነው። አስቤስቶስ ያለበት ሸራ በአውሮፓ ኅብረት ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ክልክል ነው፤ ካርቶኑ በጠፋ፣ ስሙ በማይነበብ ሸራ ውስጥ ግን ምን እንዳለ አንተም እኔም ነጋዴውም ማረጋገጥ አንችልም። አስቤስቶስ ማንኛውም ዓይነቱ ካንሰር እንደሚያመጣ የዓለም ጤና ድርጅት ከተናገረ ቆይቷል። ስለዚህ ያልታወቀውን ሁሉ እንዳለበት ቆጥረህ ሥራ፦ መጀመሪያ በሳሙና ውሃ አርከፍክፈው፣ ቆሻሻው ወደ ሳፋው ይውረድ፣ ከዚያ በብሩሽ ፈግፍግ። የሠራህበትን ጨርቅ ከቤት ልብስ ጋር አትጠብ፤ ጣለው።

ውሃው በገንቦ ወይም በጆግ የሚፈስ ይሁን። መግሰላ (መኪና ማጠቢያ) ወስደህ በኃይለኛ ውሃ ካሊፐሩን ማስመታት ቆሻሻውን ከጎሚኒው ወደ ውስጥ ያስገባዋል፤ የጎማውን ኩሽኔታም አይምርም። ከጥቁር ዓባይ ዳር ወርደው ሞተር የሚያጥቡም አያለሁ። በክረምቱ ያ ውሃ ከእኛው አገር ከኢትዮጵያ አፈር ተሸክሞ የሚመጣ ነው፤ በደለል ውሃ የታጠበ ካሊፐር ደለሉን ይዞ ነው የሚመለሰው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ።

8. ፒስቶኑ ላይ ጊዜ አጥፋ። ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው። አዲስ ሸራ ወፍራም ስለሆነ እንዲገባ ፒስቶኑን ወደ ውስጥ መግፋት ያስፈልጋል፤ ብዙዎች እንደቆሸሸ ይገፉታል። ያን ጊዜ ጎሚኒው ለዓመት ሲከለክለው የኖረውን ቆሻሻ አንተው በገዛ እጅህ አስገባኸው ማለት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በካሊፐሩ አፍ ውስጥ ፒስቶኑ ከሚወጣበት ፊት ለፊት ጠንካራ ጣውላ አስገባ፤ ጣውላው ፒስቶኑ ሊወጣ የሚችለውን የሚገድብ ነው። ከዚያ የእጀታውን ጨርቅ ፈትተህ አንተው ራስህ፣ ዓይንህን ከፒስቶኑ ሳትነቅል፣ በጣም በቀስታ ጨብጥ። ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቅ ሲል አቁም። ጨርሶ አይውጣ። ባለ ሁለት ፒስቶን ከሆነ አንዱ ቀድሞ ይወጣል፤ እሱን በጣውላ ይዘህ ሌላውን አስወጣ። አንደኛው ጨርሶ ካልተነቃነቀ የታነቀ ነውና አታስገድደው፣ ወደ ጋራዥ ነው።

ብቅ ያለውን በሳሙና ውሃና በጥርስ ብሩሽ እጠብ። የደረቀ ጥቁር ነገር ካለ ጨርቁን ረጅም አድርገህ ቀደህ፣ በሳሙና አርሰህ፣ በፒስቶኑ ዙሪያ አዙረህ ሊስትሮ ጫማ እንደሚያሻሽ ወዲህና ወዲያ ሳበው። ካቻቢቴ፣ ቢላዋ፣ የሽቦ ብሩሽ፣ ብርጭቆ ወረቀት ክልክል ነው። የፒስቶኑ ገጽ የተለበጠ ነው፤ አንድ ጭረት ካገኘ ጎሚኒው በዚያች ጭረት ዘይት ያሳልፋል። ካጸዳህ በኋላ ገጹ የተቦረቦረ፣ የዛገ ወይም ልባጩ የተላጠ ሆኖ ካገኘኸው ፒስቶኑ ይቀየራል እንጂ አይጸዳም።

ንጹሑን በውሃ አለቅልቅ፣ አድርቅ፣ አዲስ የፍሬን ዘይት በጣትህ ጫፍ ቀብተህ በሁለት አውራ ጣትህ ቀጥ አድርገህ መልሰው። ከመግፋትህ በፊት የማጠራቀሚያውን ክዳን ክፈት፤ ዘይቱ ወደ ላይ ይመለሳልና እንዳይተርፍ እያየህ፣ ከበዛም በመርፌ አልባ ስሪንጅ ቅዳ። በዙሪያው እርጥብ ጨርቅ አንጥፍ። የፍሬን ዘይት ቀለም ይልጣል፤ ያ እናትህ የነገረችኝ ቀይ ታንከር በአንድ ጠብታ ሊበላሽ ይችላል። ከፈሰሰም አትጥረገው፣ ወዲያው በብዙ ውሃ እጠበው። ዓይንህ ከገባ ቢያንስ 15 ደቂቃ በሚፈስ ውሃ ታጥበህ ወደ ሐኪም ሂድ።

9. ፒኖቹን፣ ሸራውንና ዲስኩን እይ። ፒኖቹን ስበህ አውጣ፣ አሮጌውን ግራሶ ጥረግ፣ የሲሊኮኑን ግራሶ በስሱ ቀባ። ብዙ መቀባት ለአቧራ ግብዣ ነው። የላስቲክ ሽፋናቸው ከተቀደደ ቀይር፤ ርካሽ ዕቃ ነው፣ ካርቱም ላይ ደግሞ ከሁሉ የሚያስፈልገው እሱ ነው።

ሸራው ውፍረቱ ከ2 ሚሊ ሜትር ካነሰ ወይም የማለቂያ ምልክቱ ከጠፋ ሁለቱንም አብረህ ቀይር። ዘይት ወይም ግራሶ የጠጣ ሸራ ይጣላል። በእሳት ያቃጥሉታል፣ በቤንዚን ያጥቡታል፤ አይድንም፣ የጠጣውን ሲግል መልሶ ይተፋዋል። ዲስኩ ላይ ዝቅተኛው ውፍረት በሚሊ ሜትር ተቀርጾ ታገኛለህ፤ ካሊፕስ (የውፍረት መለኪያ) ያለው ሰው ይለካልህ። ከልኩ በታች ከሆነ ዲስኩም ይቀየራል። ከዚህ በኋላ ዲስኩን በጓንት እንጂ በባዶ እጅ አትንካው።

ስለ ዕቃው አንድ ቃል። በሱዳን በተነሳው ጦርነት የካርቱምና የሰሜን ካርቱም (ባህሪ) የኢንዱስትሪ ሰፈሮች ተዘርፈዋል፣ ተቃጥለዋል፤ ኢስቢራት (መለዋወጫ) የምንገዛባቸው ብዙ ሱቆች ዛሬ የሉም። ያገለገለ ሸራ፣ የታጠበ ሸራ፣ ካርቶን የተቀየረለት ሸራ ይቀርብልሃል። የቱንም ያህል ቢረክስ ያገለገለ ሸራ አትግዛ።

10. ስትመልስ። በፎቶው እያመሳከርህ መልስ። ቡሎኖቹ የሚገቡበት ብረት ለስላሳ ነው፤ መጀመሪያ በእጅህ ጥርሱን ይዞ ይግባ፣ ከዚያ በመመሪያው መጽሐፍ በተጻፈው ልክ አጥብቀው። ልኩን የሚያሳይ ቁልፍ ከሌለህ ካለው ተዋስ።

አሁን ከዚህ ጽሑፍ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ የምትይዝ ከሆነ ይህን ያዝ፦ ሞተሩን ከማንቀሳቀስህ በፊት እጀታውን ደጋግመህ ጨብጥ። ፒስቶኑን ወደ ውስጥ ገፍተኸዋል፤ በሸራውና በዲስኩ መካከል ክፍተት አለ፤ የመጀመሪያዎቹ ጭበጣዎች ያንን ክፍተት ከመሙላት በቀር ምንም አያቆሙም። ይህን ሳያደርግ ሞተሩን አስነስቶ ከሆሹ የወጣ ሰው የመጀመሪያውን ፍሬን የሚፈልገው በሩ ላይ ነው፣ እዚያም አያገኘውም። እጀታው ጠንክሮ እስኪቆም ጨብጥ፤ ዘይቱን እይ፤ ክዳኑን ዝጋ። እጀታው እንደ ስፖንጅ ከሆነና ካልጠነከረ አትንዳ።

ከዚያ በሆሹ ውስጥ በእግርህ እየገፋህ ያዝ፣ ልቀቅ። ቀጥሎ ሰው በሌለበት መንገድ በእግረኛ ፍጥነት ሞክር። ሸራው አዲስ ከሆነ ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች በኃይል አትያዝ፤ ከዲስኩ ጋር ገና አልተላመደም። በምትሞክርበት ጊዜም የሞተሩን ወረቀት ከኪስህ አትለይ። «ቲስዓ ጠዊላ» የሚሏቸው የሞተር ቀማኞች ካርቱምን ካስመረሩ ወዲህ በአንድ ሰፈር ወዲህና ወዲያ የሚመላለስ ባለ ሞተር ሁሉ በጥርጣሬ ይታያል፤ እንግዳ ፊት ደግሞ ይበልጥ።

11. በጦርነቱ ጊዜ ቆሞ የቆየ ሞተር በማጽዳት አይነሳም። ጦርነቱ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ሲፈነዳ ለእኛ የትንሣኤ ዋዜማ ነበር፤ ብዙ ሰው ሞተሩን በሆሹ ውስጥ ትቶ ወደ መተማ፣ ወደ ገዳሪፍ፣ ወደ ፖርት ሱዳን ወጣ። የሱዳን ጦር ካርቱምን በ2017 ዓ.ም. መልሶ ከያዘ በኋላ እየተመለሱ ያሉት ልጆች ሞተራቸውን ካገኙ አቧራውን አራግፈው፣ ባትሪ ገጥመው ይነዳሉ። ሞተሩ ይነሳል፤ ፍሬኑ ግን ሌላ ነገር ነው።

የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ ውሃ ይጠጣል። አዲስ ዶት 4 ዘይት ከ230 ዲግሪ በታች አይፈላም፤ ውሃ ሲጠጣ ግን መፍያው ወደ 155 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ዘይቱ ካሊፐሩ ውስጥ ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል፤ እጀታውም ባዶ ይገባል። ሰው «የካርቱም ፀሐይ ፍሬኔን አፈላው» ይላል። 45 ዲግሪ የፍሬን ዘይት አያፈላም፤ የሚያፈላው በዘይቱ ውስጥ ያደረው ውሃና የሚታነቀው ሸራ ነው። ፖርት ሱዳን የከረመ ሞተር ደግሞ የባሕሩን እርጥበትና ጨው ይዞ የመጣ ነውና ከካርቱሙ የባሰ ነው። እንዲህ ያለውን ሞተር ጋራዥ አስገብተህ ዘይቱን ሙሉ በሙሉ አስቀይር፣ ካሊፐሩን አስከፍት፣ ጎሚኒውን አስለውጥ። ለወትሮውም አብዛኞቹ አምራቾች ዘይቱ በየሁለት ዓመቱ እንዲቀየር ያዝዛሉ። የማጠራቀሚያው ክዳን ላይ የተጻፈውን ዓይነት ብቻ ጨምር፤ ዶት 5 የሲሊኮን ዘይት ነው፣ ከዶት 3 እና ከዶት 4 ጋር አይደባለቅም። ዶት 5.1 ስሙ ቢቀራረብም የዶት 4 ወገን ነው።

12. የተረፈው የት ይገባል? የተከፈተ የፍሬን ዘይት አታስቀምጥ፤ ከተቀመጠም በራሱ ዕቃ፣ በራሱ ጽሑፍ ይሁን። በውሃ ወይም በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ አትገልብጥ። በዚህ ሙቀት የተጠማ ልጅ ያገኘውን ጠርሙስ አንስቶ ይጠጣል፤ የፍሬን ዘይት ደግሞ መርዝ ነው። አሮጌውን መሬት ላይም፣ ቦይ ውስጥም አታፍስስ፤ ለጋራዥ ስጥ።

13. ጎረቤት ሞተሩን ይዞ ቢመጣብህ። ይመጣል። በእኛ ሰፈር አንድ ልጅ ቁልፍ ይዞ ከታየ በሳምንቱ መካኒክ ይባላል፤ እምቢ ማለትም ነውር ይመስላል። አንተ ግን የሌላ ሰው ፍሬን አትፍታ፤ በነፃም ቢሆን፣ ለወንድምህም ቢሆን። ሳፋውን፣ ሳሙናውን፣ ግራሶህን ስጠው፤ አጠገቡ ቁመህ አሳየው፤ ቡሎኑን የሚፈታው፣ ፒስቶኑን የሚያጥበው፣ በመጨረሻም እጀታውን ጠንክሮ እስኪቆም የሚጨብጠው እሱ ራሱ ይሁን። ይህን ወረቀትም ከፈለገ ስጠው፣ ፎቶ አንስቶ ይመልስልህ።